ሊቀመንበሩ በሰው ኩሬ

አስሙኒ ኩሬው ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ ውሃውን በሰፌድ ይደበድባል። ፀሐይ ገና አልወጣችም። ሱሁር በልቶ፣ ሱብሂን ሰግዶ፣ ጥቂት ጋደም ልበል ሲል ነበር ምራቱ ዙማሮህ ከክትሩ ላይ ሆና የጠራችው። ሲደርስ ዓሦቹ ሁሉ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አየር አጥሯቸዋል። ይህ ሲሆን ውሃውን እየመቱ ከማናወጥ በቀር ፀሐይ እስክትወጣ የሚደረግ ነገር የለም።

"ወደዚያኛው ጥግ ይምቱ አባባ፤ ሊቀመንበሩ እዚያ ነው ያለው" አለች ዙማሮህ። እሷም ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ገብታ በልብስ ማጠቢያ ሳህን ውሃውን እያፈሰች ነበር።

"አይቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ" አለ አስሙኒ እያለከለከ። "ብቻ አፌ ውስጥ ውሃ ገብቶ ጾሜን እንዳታስፈቺኝ።"

ሊቀመንበሩ ዓሣ ነው። በዚህ የጃቫ ጠረፍ ኩሬ ያለው ሰው ሁሉ ባንዴንግ የሚባለውን ብርማ ዓሣ ያረባል፤ ራሱን የሚያከብር ሰው ደግሞ ከመንጋው አንዱን መርጦ ዓመት ከዓመት ሳይነካው ያቆየዋል። ኢድ ሊደርስ ሲል ከተማው ውስጥ ትልቁ የዓሣ ገበያ ይቆማል። እዚያ የሁሉም ምርጥ መድረክ ላይ ወጥቶ ይመዘናል። ያሸነፈው ባለቤት ስም ከነአባቱ ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ከዚያ ዓሣው ለጨረታ ይቀርብና አንዱ ባለመኪና ገዝቶ ይበላዋል። የአስሙኒ አባት ስም አንድ ጊዜ ተጠርቶ ነበር፤ አስሙኒ ያኔ በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሰምቷል። የራሱን ስም ግን እስካሁን አልሰማም። ዓሣው ሊቀመንበር የተባለው ደግሞ ቀድሞ ስለሚበላ፣ ምንም ስለማይሠራና ሌሎቹ በመረብ ተጠርገው ሲወጡ እሱ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ነው። የመንደሩ እውነተኛ ሊቀመንበር ይህን ሰምቶ ስቋል ይባላል። ብዙም አልሳቀም የሚሉም አሉ።

ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ቀስ በቀስ አየር አገኘ። ሊቀመንበሩም ወደ ታች ሰጠመ። ከቀሩት ብዙዎቹ ግን ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው የክትሩን ዳር ሞሉት። አስሙኒና ዙማሮህ የሞቱትን ለቀሙ። ከላይ ያሉት የሽሪምፕ አርቢዎች የኩሬያቸውን እጣቢ ወደ ቦዩ ከለቀቁ ወዲህ በየንጋቱ እንዲሁ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ያ ሁሉ ቆሻሻ በአስሙኒ የውሃ በር በኩል ዘው ብሎ ይገባል።

"ነገም ይደግመዋል" አለች ዙማሮህ ቅርጫቱን አስቀምጣ። "ሊቀመንበሩ ነገን አያልፍም።"

"ገበያው እኮ ደርሷል። ትንሽ ቀን ነው የቀረው።"

"እሱ ቀን መቁጠር አይችልም አባባ።"

አስሙኒ የሚፈራው ስለ ዓሣው ብቻ አይደለም። ልጁ ሮፊቅ ኩሬው አላበላ ስላለው ሱራባያ ወደብ ሄዶ መርከብ ላይ ይሠራል። ቤት ተከራይቷል። ዙማሮህ ነገሩን ሳትደብቅ ነግራዋለች፤ ኩሬው በዚህ ከቀጠለ ከኢድ በኋላ ልጆቿን ይዛ ባሏ ዘንድ ትሄዳለች። አስሙኒ ምራቱን እንደ ልጁ ይወዳታል፤ ከልጁም ይልቅ ሥራ ታውቃለች። እሷና ልጆቹ የሌሉበትን ቤት ማሰብ አይፈልግም።

መፍትሔ የምትለውንም ነግራዋለች። በቦዩ በኩል ያለውን ክትር ከፍቶ፣ ከኩሬው ሲሶውን ለጭቃና በባሕር ዳር ጭቃ ላይ ለሚበቅለው ለማንግሮቭ ዛፍ ለቆ፣ አዲስ ክትር ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ መሥራት ነው። ልክ እንደ ጎረቤታቸው እንደ ካስላን ኩሬ። አስሙኒ የካስላንን ስም ሲሰማ ጆሮው ይቀላል።

"አባቴ ይህን ክትር ጭቃ በቅርጫት እየተሸከመ ነው የሠራው። እኔ ለባሕር ልመልሰው?" ይላል ሁልጊዜ። ቀጥሎም "ዛፉንም ቢሆን ሞክሬዋለሁ" ይላል።

ሞክሯል፣ እውነት ነው። ዛፍ ውሃ ያጠራል ሲባል ሰምቶ የኩሬውን ውስጥ ዙሪያውን በማንግሮቭ ችግኝ አጥር አደረገው። ካስላንን ለመብለጥም ብሎ መሐሉ ላይ ጨመረበት። ዛፎቹ አማረባቸው። ቅጠላቸው ግን እዚያው ረግፎ፣ እዚያው በስብሶ፣ ውሃው የጠቆረ ሻይ መሰለ። ያን ዓመት ዓሣ የሚባል አላወጣም። በገዛ እጁ ነቅሎ አነደዳቸው፤ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ሲያለቅስም ጭሱ ነው አለ።

"ሊቀመንበሩን ማትረፍ ከፈለጉ አንድ ውሃ ብቻ ነው ያለው" አለች ዙማሮህ።

"ሞቼ ነው ቆሜ ካስላንን የምለምነው።"

"እርስዎ አይሞቱም፤ የሚሞተው እሱ ነው" አለችና ቅርጫቱን ተሸክማ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ አስሙኒ የካስላን ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ካስላን አልጋ በምታህል የቀርከሃ መደብ ላይ ጋደም ብሎ ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቷል። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ አብረው ቁርዓን ተምረዋል፣ አንድ ቀን ተገርዘዋል። ከዚያ ወዲህ ግን በምንም ተስማምተው አያውቁም። የገበያው መድረክ ላይ ስሙ የሚጠራው ካስላን ነው፣ ያውም በየዓመቱ። አስሙኒም በበኩሉ ካስላንን "ቅጠል አርቢው" የሚል ስም አውጥቶለት መላው ጠረፍ ተቀብሎታል።

"አንተ እንዴት መጣህ?" አለ ካስላን ቆቡን ሳያነሳ።

"በእግሬ።"

"መንገዱን አለመርሳትህ።"

"ካስላን፣ ጾም ይዣለሁ። ነገር አታምጣብኝ።"

"እኔም ይዣለሁ። ስለዚህ ስድቡ ከመግሪብ በኋላ ይሁን።" ካስላን ተነስቶ ተቀመጠ። "ምን ሆነህ ነው?"

አስሙኒ ወደ መሬት እያየ ነገረው። ማሳጠር ፈልጎ ነበር፤ አፉ ግን እምቢ ብሎት የኩሬውን ሽታ፣ የሞቱትን ዓሦች፣ የሊቀመንበሩን አፍ፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ሲጨርስ ካስላን ቆቡን አድርጎ ነበር።

"ጀልባ አለህ?"

"አለኝ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ባሕሩ ሊጎድል ነው።"

ውለታውን ለመለመን እንኳ ጊዜ አልሰጠውም። አስሙኒ ይህ አናደደው፤ ደስም አለው።

አስሙኒና ዙማሮህ ትንሿን ጀልባ ቤት ባጠራቀሙት የዝናብ ውሃ እስከ ግማሽ ሞሏት። ሊቀመንበሩን በእርጥብ ሽርጥ ጠቅልለው አስገቡት፤ የአንድ ሕፃን ያህል ይከብዳል። ዙማሮህ ከፊት ገመዱን ትስባለች፣ አስሙኒ ከኋላ እየገፋ ሰው እንዳያያቸው ጸሎት የሚያደርግ ይመስላል። ግን ቦዩ ግራና ቀኙ ክትር ነው፤ ክትሩ ላይ ደግሞ መግሪብን የሚጠብቅ ሥራ ፈት ሰው አይጠፋም።

"ጋሽ አስሙኒ፣ ሊቀመንበሩ ተዛወረ እንዴ?" አለ አንዱ።

"ለልምድ ልውውጥ ነው የሚሄደው" አለች ዙማሮህ ዞር ሳትል።

"ቅጠል አርቢው ዘንድ?"

አስሙኒ ጥርሱን ነከሰ። "ይህን ስም ማን አወጣው?" አለ።

"እርስዎ ነዎት እንጂ ማን ይሆናል።"

ሰዎቹ ክትሩ ላይ በሳቅ ተንከባለሉ። ዙማሮህም ገመዱ እጇ ላይ እስኪላላ ሳቀች። አስሙኒም ጀልባውን እንደያዘ ሳያስበው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ብቻ ነበር ክብሩን የጠበቀው።

የካስላን ኩሬ ጋ ሲደርሱ ቦዩ ጠፋ። ክትር የለም፤ ያለው ዛፍ ነው። የማንግሮቮቹ ሥሮች ከጭቃው ወጥተው እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተዋል፤ ውሃው በመሐላቸው ሲያልፍ ፍጥነቱን ያጣል፣ ጭቃውንም እዚያው ይጥላል። የውሃው በር የሚገኘው ከዛፎቹ በስተ ውስጥ፣ አዲሱ ክትር ላይ ነው። አስሙኒ ይህን ቦታ ከሩቅ ሲሰድበው እንጂ ገብቶ አይቶት አያውቅም። ጥላው ቀዝቀዝ ይላል። ትንንሽ ሸርጣኖች ሲያዩት ሥር ለሥር ተደበቁ።

ሊቀመንበሩን ተሸክሞ ኩሬው ውስጥ ሲገባ ወደ ታች ተመለከተ። የእግሮቹ ጣቶች ይታያሉ። በራሱ ኩሬ ውስጥ ጣቶቹን ካየ ዘመን የለውም፤ ለጊዜው የራሱ መሆናቸውንም ተጠራጠረ። ሽርጡን ፈታ። ሊቀመንበሩ ትንሽ እዚያው ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ከዚያ ጅራቱን አንድ ጊዜ መትቶ ሄደ።

"አመሰግናለሁም አላለ" አለ ካስላን ከክትሩ ላይ። "ባለቤቱን ነው የሚመስለው።"

አዛን የተደረገው ልክ ያን ጊዜ ነበር። በመግሪብ ደጃፉ ላይ የተገኘን ሰው ሳያስፈጥር የሚሸኝ ሰው እዚህ መንደር የለም፤ እምቢ ብሎ የሚሄድም የለም። ዙማሮህ ልጆቿን ላስፈጥር ብላ ወደ ቤት ሮጠች። አስሙኒ ግን መደቡ ላይ ተቀመጠ። ቴምር ቀረበ፣ የተጠበሰ ሙዝ ቀረበ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ጣፋጭ ቀረበ። ከልጅነቱ ወዲህ እዚህ ቤት እህል አልቀመሰም። የካስላን ሚስት ሳህኑ ጎደል ባለ ቁጥር ትሞላለች።

"እሺ፣ አፈጠርን" አለ ካስላን አፉን ጠርጎ። "አሁን መሳደብ ይቻላል። ጀምር።"

"አንተ ሰነፍ!" አለ አስሙኒ፤ ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀው ስድብ ጠፍቶበት አፉ ላይ የመጣለትን ወረወረ።

ካስላን ግን ሙዙን እንደያዘ ቀረ። ወደ ጓዳ ዞር ብሎ ሚስቱ አለመስማቷን አረጋገጠ። "ማን ነገረህ?"

"ምኑን?"

"ዛፎቹን።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንዷንም አልተከልኳትም። ያን ዓመት ማዕበሉ የውጭውን ክትር አፈረሰው አይደል? ወገቤን አሞኝ ነበር። ዛሬ እጠግናለሁ፣ ነገ እጠግናለሁ እያልኩ ተኛሁ። ጭቃው ገብቶ ተኛ፣ የማንግሮቭ ፍሬ ተንሳፍፎ መጥቶ ጭቃው ላይ ተተከለ። እኔ ስነሳ ጫካ ሆኗል። መቁረጡም ሥራ ነው። ወደ ውስጥ ገብቼ አጭሯን ክትር ሠራሁ፤ አጭር ስለሆነች ነው የሠራኋት።"

"ከከተማ ፎቶ ሊያነሱህ የመጡትስ? ዘዴህ ምንድን ነው ሲሉህ ምን አልክ?"

"ትዕግሥት አልኳቸው።"

አስሙኒ ቴምሩ ትን እስኪለው ሳቀ። እኩያው ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ስቆ ስቆ ሲያበቃ ግን የቆየው ቅሬታ መጣበት።

"እኔ በእጄ ነው የተከልኳቸው ካስላን። አንድ በአንድ። ለምን ታዲያ ያንተ አበቡ፣ የኔ ዓሦቼን ጨረሱብኝ?"

"የኔ ዘበኞች ናቸው፤ ደጅ ቆመው የሚገባውን ይፈትሻሉ። ቅጠላቸው ቢረግፍም ባሕሩ መጥቶ ይጠርግላቸዋል። አንተ ዘበኛውን አልጋ ላይ አስተኛኸው። ቆሻሻው ሁሉ እዚያው ቤት ውስጥ ቀረ።"

ይህን ያህል ቀላል ነገር፣ ይህን ያህል ዓመት፣ ይህን ሰው መጠየቅ አፍሮ! አስሙኒ አፈረ፤ ማፈሩንም ካስላን አየበት፤ አየሁ ግን አላለም። ሙዝ ጨመረለት።

በማግስቱ ንጋት አስሙኒ መጀመሪያ የሄደው ወደ ካስላን ኩሬ ነበር። ውሃው ጸጥ ብሏል። አንድም አፍ ከላይ አይታይም። ሊቀመንበሩ ከካስላን ዓሣ ጎን ለጎን ዳሩን እየዞረ ቁርሱን ይለቅማል። አስሙኒ ቆሞ አያቸው፣ አያቸው፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዙማሮህ ብቻዋን ኩሬው ውስጥ ሆና ለቀሩት ጥቂት ዓሦች ውሃውን ትመታለች። ብርድ አንቀጥቅጧታል።

"ውጪ ልጄ" አለ። "ያ ያልሽኝ ክትር የት ጋ ነበር?"

ዙማሮህ ሳህኑን እንደያዘች ወጣች። በኩሬው ዳር ከቦዩ እየራቀች ሄደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ከእሷ እስከ ቦዩ ያለው ሁሉ ለባሕሩ የሚሰጠው ነው። አስሙኒ ዓይኑ ፈዘዘ።

"ብዙ ነው።"

"ብዙ ነው አባባ።"

"አባቴ ቢያይ ምን ይላል?"

"አባትዎ የሞተውን ዓሣ አይተው ነው መጀመሪያ የሚቆጡት።"

ይህንም አልካደም። ፊቱን በእጁ አሸት አሸት አደረገ። "ለኢድ የመንደሩ ልጆች ሁሉ ይመጣሉ" አለ። "ሮፊቅም ይመጣል። ተመልሰው ሳይበተኑ አንድ ቀን ቢሰጡን ክትሩ ያልቃል። አዲስ ጨረቃ ስለሆነም ባሕሩ ከፍ ይላል፤ የማንግሮቩን ፍሬ ያመጣልናል።"

"እኔም እሱን አስቤ ነበር" አለች ዙማሮህ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። ቀጥሎ ግን ፊቷ ከፋ። "ምሳውስ?"

እዚህ ላይ ሁለቱም ቆሙ። እዚህ አገር ክትር የሚያስቆፍር ሰው ለቆፋሪዎቹ ምሳ የሚያቀርበው ከዚያው ከኩሬው ካወጣው ዓሣ ነው። በገበያ ዓሣ ወይም በዶሮ ያስቆፈረ ሰው ክትሩ ሳይደርቅ ስም ይወጣለታል፤ ውሃ የማያበላው ሰው ይባላል፣ በሚቀጥለው ጥሪም የሚመጣለት የለም። የእነሱ ኩሬ ውስጥ የቀሩት ደግሞ የጣት ያህል ናቸው።

"ዶሮ ብናደርግ ማን ያየናል?" አለ አስሙኒ።

"መላው ጠረፍ።"

"በሚመጣው ኢድ ይሁን ታዲያ።"

ዙማሮህ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። "በሚመጣው ኢድ እኔ እንግዳ ሆኜ ነው የምመጣው አባባ" አለች። አልተቆጣችም፤ አዝና ነው ያለችው። እሱን የጎዳውም ይኸው ነው።

የገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ ካስላን መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ኩሬው ዳር ቆሟል። አስሙኒ የኢድ ሸሚዙን ለብሶ መጥቷል፤ ዙማሮህ ናት የተኮሰችለት። እሷም ሊቀመንበሩ የሚጠቀለልበትን እርጥብ ጨርቅና ሰፊ ገንዳ ይዛ ተከትላዋለች። ወደ ከተማው የሚወስዳቸው መኪና መንገዱ ላይ ጡሩምባውን ይነፋል።

"ትናንት ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ" አለ ካስላን። "ያንተ ይበልጣል። ዘንድሮ ስምህ ይጠራል፤ እኔም ከሥር ቆሜ አጨበጭባለሁ። ስላሳዘንከኝ ነው እንጂ ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ።"

አስሙኒ ውሃውን አየ። ሁለቱ ዓሦች ጎን ለጎን እያለፉ ነው፤ ካስላን እውነቱን ነው። ሌሊቱን ሁሉ ያ ድምፅ ማጉያ ጆሮው ላይ ሲጮህ ነው ያደረው። አስሙኒ፣ የአባቱም ስም፣ ከዚያ ጭብጨባው። በዕድሜው ሙሉ አንድ ነገር ፈልጎ ከሆነ ይህን ነው የፈለገው። ከጨረታው በኋላ ሊቀመንበሩን የሚበላው ሰውም ታየው፤ ስሙን የማያውቀው፣ ክትርም ቁፋሮም የማይገባው አንድ ወፍራም ሰው።

ዞር ብሎ ምራቱን አያት። ጨርቁን ዘርግታ ይዛለች። ስለ ቁፋሮው ከዚያ ንጋት ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ዛሬም የተኮሰችለትን ሸሚዝ ኮሌታ ብቻ ነበር ያስተካከለችለት።

"በል ያንተን አውጣ" አለ ካስላንን።

"ያንተስ?"

"የኔ እዚሁ ይቆይ። በኢድ ሦስተኛው ቀን ለቁፋሮው ምሳ ይፈለጋል፤ ያደገው በኔው ኩሬ ነው።"

ዙማሮህ የዘረጋችውን ጨርቅ ቀስ ብላ አጠፈችው።

"አባባ" አለች።

"አጥንቱ ብዙ ነው ልጄ፤ ለዚያ ሁሉ ሰው አጥንቱን ለቅሞ ማብሰል የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ጎረቤቶቹን ካሁኑ ንገሪያቸው።" ወደ ካስላን ዞረ። "አንተም አካፋህን ይዘህ ትመጣለህ። ወገቤ ምናምን ማለት የለም።"

"ዘንድሮም የኔን ስም ልታስጠራ ነው" አለ ካስላን፤ መሳቅም ማዘንም አምሮት ነበር። "ሰው ምን ይላል?"

"ካፈጠርን በኋላ እነግርሃለሁ።"

መኪናው መንገዱ ላይ እንደገና ጡሩምባውን ነፋ። አስሙኒ ጫማውን አወለቀ፣ የመረቡን ሌላኛውን ጫፍ ያዘ፣ የተተኮሰውን ሸሚዙን እንደለበሰም የካስላንን ዓሣ ለማውጣት ውሃው ውስጥ ገባ።